የዱር ቡና፡ የረጅም ዘመናት የዕፅዋት ዝግመተ ለውጥ ውጤት

ዕፅዋት በየብስ ላይ መብቀል የጀመሩት ከ470 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት እንደሆነ የዘርፉ ተመራማሪዎች ይገልጻሉ። ቅድመ አያቶቻቸው በውኃ ውስጥ የሚኖሩ አረንጓዴ አልጌዎች ሲሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ የየብስ ዕፅዋትም እውነተኛ ሥር ያልነበራቸውና ከእርጥበት የማይርቁ ነበሩ።

ውኃን ወደ ላይ የሚያደርሱ ቱቦዎች መፈጠራቸው ዕፅዋት በቁመት እንዲያድጉ አስችሏል። በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት ካይሮ በተባለች ከተማ አቅራቢያ የተገኘው የ386 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የደን ቅሪተ አካል ለዚህ ማስረጃ ነው። ከዚያም ፅንሱን ከድርቀት የሚጠብቅ ሽፋንና ስንቅ ያለው ዘር በመገኘቱ ዕፅዋት ወደ ደረቅ ሥፍራዎች ተስፋፉ። የአበባ ዕፅዋት ቅሪቶች የሚታዩት ግን ከ130 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ ወዲህ ሲሆን፣ ዛሬ አብዛኛዎቹ የዕፅዋት ዝርያዎች የዚህ ወገን ናቸው።

በኢትዮጵያም ከጎንደር በስተምዕራብ በጭልጋ አካባቢ የተገኙ የ27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የቅጠልና የግንድ ቅሪቶች ሥፍራው በዚያ ዘመን በደን የተሸፈነ እንደነበር ያመለክታሉ።

ዝግመተ ለውጡ ከዚያ በኋላም ቀጥሏል። አረቢካ ቡና የተገኘው ከመቶ ሺዎች ዓመታት በፊት ሮቡስታና ዩጂኖይደስ የተባሉ ሁለት የቡና ዝርያዎች በተፈጥሮ በመዳቀላቸው ነው። ወላጆቹ እያንዳንዳቸው 22 ክሮሞዞም ሲኖራቸው አረቢካ 44 አለው። በዓለም ዙሪያ የሚለማው አረቢካ በአብዛኛው በየመን በኩል ከወጡ ጥቂት ተክሎች የተራባ በመሆኑ የዘረመል ስብጥሩ ጠባብ ነው። ሰፊው ስብጥር የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት ከ124 የዱር ቡና ዝርያዎች 75ቱ ለመጥፋት አደጋ የተጋለጡ መሆናቸውን አመልክቷል፤ አረቢካም ከእነዚሁ አንዱ ነው። የቡና ዘር እንደ ስንዴና ገብስ ደርቆ በቀዝቃዛ ክፍል ለረጅም ዓመታት ሊቆይ ባለመቻሉ፣ ስብጥሩን ለማቆየት በመስክ ተክሎ መንከባከብና ደኑን መጠበቅ ግድ ይላል።

የከፋና የያዩ ደኖች እ.ኤ.አ በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆነው መመዝገባቸው ለዚሁ ዓላማ ያግዛል። ይሁንና ምዝገባው ብቻውን በቂ አይደለም። በሽታንና ድርቅን ለሚቋቋሙ የነገ ዝርያዎች መነሻ የሚሆነው ዘረመል የሚገኘው በደኑ ውስጥ በመሆኑ፣ በየደረጃው ስለመሬት አጠቃቀም የሚወስኑ አካላት ደኑ አንዴ ከተመነጠረ ችግኝ በመትከል ብቻ ሊተካ እንደማይችል ሊያጤኑ ይገባል።