የሰሜኑን ብርሃን የሚለኩ ሮኬቶችና ለሚመለከተው ክፍል ያልተመራው ደብዳቤ

እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 25 ቀን 1995 ማለዳ በሰሜን ኖርዌይ ከሚገኘው የአንዶያ ደሴት ብላክ ብራንት 12 የተሰኘ ባለ አራት ደረጃ ሮኬት ተወነጨፈ። ሮኬቱ የጫነው የኖርዌይና የአሜሪካ ተመራማሪዎች በስቫልባርድ ደሴቶች ሰማይ ላይ የሚታየውን የሰሜን ብርሃን ለማጥናት ያዘጋጇቸውን የመለኪያ መሣሪያዎች ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ ከደቂቃዎች በኋላ በኮላ ባሕረ ገብ መሬት፣ ኦሌኔጎርስክ በተባለው ስፍራ የሚገኘው የሩሲያ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ራዳር ጣቢያ ከሰርጓጅ መርከብ የተተኮሰ ሚሳይል ሊሆን የሚችል ነገር በከፍተኛ ፍጥነት ሲወጣ ማየቱን ለበላይ አካል አሳወቀ።

መልእክቱ ብዙም ሳይቆይ ፕሬዚዳንት ቦሪስ የልሲን ዘንድ ደረሰ። የኑክሌር ጦር መሣሪያን ለማዘዝ የሚያገለግለውና ሩሲያውያን ቼጌት የሚሉት የእጅ ሻንጣም ለሥራ ዝግጁ ተደረገ። የራዳር ባለሙያዎች የሮኬቱን አቅጣጫ ተከታትለው ወደ ሩሲያ ግዛት እንደማያመራ እስኪያረጋግጡ ድረስ የነበረው ጊዜ በደቂቃዎች የሚቆጠር ነበር። ሮኬቱ 1 ሺህ 453 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ደርሶ፣ ለ24 ደቂቃ ያህል ከበረረ በኋላ በዕቅዱ መሠረት በስፒትስበርገን ደሴት አካባቢ ወደቀ። የልሲን በማግሥቱ ሻንጣውን ለመጀመሪያ ጊዜ መጠቀማቸውን በይፋ ተናገሩ። ዓለም በዚያች ማለዳ ለአደጋ ምን ያህል ቀርባ እንደነበር ባለሙያዎች እስከ ዛሬ አይስማሙም፤ የሩሲያ የዕዝ ሥርዓት ጉዳዩን በወቅቱ ለይቶ አረጋግቷል የሚሉ እንዳሉ ሁሉ፣ ከቀዝቃዛው ጦርነት ማብቂያ ወዲህ ከታዩት ሁሉ አስጊው አጋጣሚ ነበር የሚሉም አሉ።

የሚያከራክረው የአደጋው መጠን እንጂ መንስኤው አይደለም። ኖርዌይ ሩሲያን ጨምሮ ለ30 ያህል አገሮች ሮኬቱ እንደሚወነጨፍ ከሳምንታት በፊት አስታውቃ ነበር። ማስታወቂያው ሞስኮ ደርሷል። ከዚያ በኋላ ግን፣ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ፣ ለሚመለከተው ክፍል አልተመራም፤ ራዳሩ ፊት ለፊት የተቀመጡት ባለሙያዎች ስለ ሮኬቱ የሚያውቁት አንዳችም ነገር አልነበረም። ስህተቱን ያባባሰው ሌላ ምክንያትም አለ። ቀደም ሲል ከአንዶያ ይወነጨፉ የነበሩት ሮኬቶች አነስተኞች ሲሆኑ የዚያን ዕለቱ ግን በኃይልም ሆነ በከፍታ እጅግ ይበልጣቸው ነበር። ከአራቱ ደረጃዎች የታችኞቹ ሁለቱ ከአገልግሎት ከወጡ የጦር ሠራዊት ሮኬቶች የተወሰዱ ሞተሮች ናቸው። እያንዳንዱ ደረጃ ነዳጁን ጨርሶ ሲወድቅና ተከታዩ ሲቀጣጠል በራዳር መስኮት ላይ የሚሰጠው ምስል ከባለ ብዙ ደረጃ ሚሳይል ምስል ጋር መመሳሰሉ የሚያስገርም አይደለም።

አንድ አገር ሰማይ ላይ ለሚታይ ብርሃን ሲል ይህን ያህል ርቀት የሚሄድ ሮኬት የሚያወነጭፍበት ምክንያት ምንድን ነው? መልሱ ብርሃኑ ከሚፈጠርበት ሂደት ይጀምራል።

የሰሜን ብርሃን፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኦሮራ፣ በሰሜን ዋልታ ዙሪያ ባሉ አገሮች በጨለማ ሌሊት የሚታይ፣ እንደ መጋረጃ እየተጠቀለለና እየተዘረጋ የሚንቀሳቀስ አረንጓዴ፣ ቀይና ሐምራዊ ብርሃን ነው። በደቡብ ዋልታ አካባቢም አምሳያው ይታያል። ፀሐይ ያለማቋረጥ ወደ ሕዋ የምትረጨው፣ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ጅረት ምድር ዘንድ ሲደርስ ከምድር መግነጢሳዊ መስክ ጋር ይጋጫል። ከግጭቱ የሚገኘው ኃይል በሌሊቱ ወገን ባለው የመግነጢሳዊ መስኩ ረጅም ጅራት ውስጥ ይጠራቀማል። ይህ ኃይል ሲለቀቅ ኤሌክትሮኖች የመግነጢሳዊ መስኩን መስመሮች ተከትለው ወደ ዋልታዎቹ ይወርዳሉ፤ በጉዟቸውም በሴኮንድ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን ይጓዛሉ። ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከኦክስጅን ጋር ሲላተሙ አረንጓዴው ብርሃን ይፈጠራል። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ፣ አየሩ እጅግ በሳሳበት ስፍራ፣ ያው ኦክስጅን ቀይ ብርሃን ይሰጣል። ናይትሮጅን ደግሞ ሰማያዊና ሐምራዊውን ይጨምራል።

ብርሃኑ ከዓለማችን ውጪ በሚመጡ ቅንጣቶች እንደሚፈጠር በቤተ ሙከራ ለማሳየት ከተነሱት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ኖርዌጂያዊው ክርስቲያን ቢርክላንድ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አየሩ በተመጠጠ ሣጥን ውስጥ የምድር አምሳያ የሆነች መግነጢሳዊ ኳስ አስቀምጦ ኤሌክትሮኖችን ሲለቅባት በኳሷ ዋልታዎች ዙሪያ ብርሃን ታየ። የአገሩ ሰው ካርል ስቶርመር በበኩሉ ተራርቀው ከተቀመጡ ካሜራዎች በአንድ ቅጽበት ፎቶግራፍ በማንሳት የብርሃኑ የታችኛው ጠርዝ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እንደሚገኝ አሰላ። ከፍታው ታወቀ፤ እዚያ ደርሶ መለካት ግን የማይታሰብ ነበር።

ችግሩ የከፍታው ብቻ አይደለም። የምርምር ባሉን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ የሚያንሳፍፈው አየር ያጥረዋል። ሳተላይት ደግሞ ከ200 ኪሎ ሜትር በታች ለመዞር ቢሞክር የአየሩ ሰበቃ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጎትቶ ያወርደዋል። በሁለቱ መካከል ያለውን ሰፊ የሰማይ እርከን በውስጡ አልፎ ለመለካት የሚችል መሣሪያ ሮኬት ብቻ ነው። የባሕር ሰዎች እርሳስ የታሰረበት ገመድ ወደ ውኃ ጥለው ጥልቀቱን ይለኩ እንደነበረው ሁሉ፣ ይህ ዓይነቱ ሮኬትም ወደ ሰማይ ተወርውሮ፣ እየወጣና እየወረደ ለክቶ ይመለሳል። የእንግሊዝኛ ስያሜው ሳውንዲንግ ሮኬት የተወሰደውም ከዚሁ የባሕረኞች ሥራ ነው። ምድርን አይዞርም፤ በረራው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ያበቃል።

ሥራው የተጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ከጀርመን በማረከቻቸው ቪ-2 ሮኬቶች ነው። ከእ.ኤ.አ 1957 እስከ 1958 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ደግሞ በካናዳ ፎርት ቸርችል በርካታ ሮኬቶች ወደ ኦሮራ ተወንጭፈዋል። አሜሪካዊው ካርል ማክልዌን እ.ኤ.አ በ1958 ከዚያው ስፍራ ባስወነጨፋቸው ሮኬቶች ደማቁን ብርሃን የሚፈጥሩት ኤሌክትሮኖች አብዛኞቹ ተቀራራቢ ኃይል፣ ማለትም 6 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ እንዳላቸው አገኘ። ቅንጣቶቹ ከፀሐይ በቀጥታ እንደመጡ ቢወርዱ ኖሮ ኃይላቸው የተበታተነ ይሆን ነበር። ግኝቱ ከኦሮራው በላይ ኤሌክትሮኖቹን የሚገፋ የኤሌክትሪክ መስክ መኖሩን ጠቆመ፤ በኋላ የተላኩ ሮኬቶችና ሳተላይቶችም ይህንኑ አረጋግጠዋል።

ከዚያ ወዲህ በሰሜኑ ቀበቶ ቋሚ ጣቢያዎች ተቋቁመዋል። አንዶያ የመጀመሪያውን ሮኬት ያወነጨፈው እ.ኤ.አ ኦገስት 18 ቀን 1962 ነው። በስዊድን ኪሩና አቅራቢያ የሚገኘው ኤስሬንጅ እ.ኤ.አ በ1966 ሥራ ጀመረ። በአላስካ የሚገኘው ፖከር ፍላት ንብረትነቱ የአላስካ ፌርባንክስ ዩኒቨርሲቲ ነው።

በእነዚህ ጣቢያዎች ትልቁ ሥራ መጠበቅ ነው። ብርሃኑ በቀጠሮ አይመጣም። ሮኬቱ በማስወንጨፊያው ላይ ተዘጋጅቶ፣ ቆጠራው ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ቆሞ፣ ተመራማሪዎች ከሳተላይት፣ ከምድር ራዳሮችና ከመግነጢስ መለኪያዎች የሚመጣውን መረጃ እየተከታተሉ ሌሊቱን ያነጋሉ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋሱም የረጋ መሆን አለበት። ሁሉም ነገር ተሟልቶ ብርሃኑ የማይወጣባቸው፣ ብርሃኑ ወጥቶ ደመና የሚሸፍንባቸው ሳምንታት ጥቂት አይደሉም። ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ግን ሮኬቱ በሁለትና ሦስት ደቂቃ ውስጥ ብርሃኑ ውስጥ ይገባል፤ ልኬቱንም በሬዲዮ ሞገድ ወደ ምድር ያስተላልፋል።

ሮኬት ሌላም አገልግሎት አለው። እ.ኤ.አ ኤፕሪል 5 ቀን 2019 ከአንዶያ በሁለት ደቂቃ ልዩነት የተወነጨፉ ሁለት የናሳ ሮኬቶች ከ110 እስከ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ላይ የሚያበሩ ጋዞችን ለቀቁ። ጋዞቹ ነፋስ እንደሚገፋው ጭስ ሲበታተኑ ከምድር በካሜራ በመከታተል የላይኛው ከባቢ አየር ነፋስ ፍጥነትና አቅጣጫ ይታወቃል። የዚያን ሌሊት በአካባቢው የነበሩ ነዋሪዎች ሰማይ ላይ ያዩት ባለ ቀለም ደመና ምን እንደሆነ ግራ ገብቷቸው ነበር።

ከቅርብ ዓመታት ውጤቶች ጎልቶ የሚጠቀሰው ኢንዱራንስ የተሰኘው ተልዕኮ ነው። ሮኬቱ እ.ኤ.አ ሜይ 11 ቀን 2022 በስቫልባርድ ከምትገኘው ኒ-ኦሌሱንድ ተነስቶ 768 ኪሎ ሜትር ከፍታ ደረሰ። ከዋልታዎቹ ሰማይ ቅንጣቶች ወደ ሕዋ እንደሚያመልጡ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ይታወቅ ነበር፤ ወደ ላይ የሚገፋቸው ደካማ የኤሌክትሪክ መስክ ሊኖር እንደሚችል ቢገመትም ለመለካት ግን አልተቻለም ነበር። ኢንዱራንስ በ500 ኪሎ ሜትር ገደማ የከፍታ ልዩነት ውስጥ የ0.55 ቮልት ለውጥ ለካ። ይህ ከአንድ የእጅ ሰዓት ባትሪ አቅም እንኳ ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ በኦገስት 2024 ይፋ የሆነው ውጤት እንደሚያሳየው ግን ይህች ትንሽ ኃይል የሃይድሮጅን ቅንጣቶችን ከምድር ስበት ለማላቀቅ ትበቃለች።

የዚህ ሁሉ ጥናት ፋይዳ በምሁራን ዘንድ ብቻ የሚቀር አይደለም። እ.ኤ.አ ማርች 13 ቀን 1989 በምድር መግነጢሳዊ መስክ ላይ የደረሰ ማዕበል በካናዳ ኩቤክ ክፍለ ግዛት የኤሌክትሪክ መረቡን በመጣሉ 6 ሚሊዮን ሕዝብ ለ9 ሰዓታት ያህል ያለ ኃይል ቆይቷል። እ.ኤ.አ በፌብሩዋሪ 2022 ስፔስኤክስ ካመጠቃቸው 49 የስታርሊንክ ሳተላይቶች እስከ 40 የሚደርሱት የጠፉት መለስተኛ የሚባል ማዕበል የላይኛውን ከባቢ አየር አሙቆ ስላወፈረውና ሰበቃው ስለጨመረ ነው። አየሩ በምን ያህል እንደሚወፍር አስቀድሞ ለመተንበይ የሚያስፈልገው ልኬት ሮኬቶቹ በሚመላለሱበት በዚያው እርከን ውስጥ የሚገኝ ነው።

ኢትዮጵያም ከዚህ የሰማይ እርከን ጋር የራሷ ቁርኝት አላት። ኦሮራ በሰማይዋ ባይታይም መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በላይዋ ያልፋል። በዚህ መስመር ላይ ከ100 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ከፍታ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። የአዲስ አበባ የመግነጢስ መመዝገቢያ ጣቢያ እ.ኤ.አ ከ1958 ጀምሮ ይህ ጅረት በምድር ላይ የሚያሳድረውን ለውጥ ሲመዘግብ ቆይቷል። ሕንድ እ.ኤ.አ ኖቬምበር 21 ቀን 1963 የመጀመሪያ የምርምር ሮኬቷን ያወነጨፈችበትን የቱምባን መንደር የመረጠችው ለዚሁ መስመር ባላት ቅርበት ነበር። ከፀሐይ መጥለቂያ በኋላ በዚህ ቀጣና አዮኖስፌር ውስጥ የሚፈጠረው መዛባት የሬዲዮ ግንኙነትንና የሳተላይት አቅጣጫ መሪ ምልክቶችን ስለሚያውክ ጉዳዩ ለአቪዬሽንና ለቴሌኮሙኒኬሽን ተቋማት ሩቅ አይደለም።

ሮኬት ወጥቶ የሚወርድ ነገር በመሆኑ የሚወድቅበት ስፍራ ጉዳይ ሁልጊዜ አብሮት አለ። ከአንዶያ የሚወነጨፉት በአብዛኛው ወደ ባሕር ይወርዳሉ። ኤስሬንጅ ግን የሚጠቀመው በየብስ ላይ የተከለለ 5 ሺህ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ሲሆን፣ ይኸው መሬት የሳሚ ሕዝቦች አጋዘኖቻቸውን የሚያሰማሩበት በመሆኑ ለእረኞቹ መጠለያዎች ተሠርተዋል፤ ከማስወንጨፉ በፊትም ማስጠንቀቂያ ይሰጣቸዋል።

እ.ኤ.አ ኤፕሪል 24 ቀን 2023 ከዚሁ ጣቢያ የተነሳ፣ ክብደት አልባ በሆነ ሁኔታ የሚደረጉ ሙከራዎችን የጫነ ሮኬት ከመስመሩ ወጥቶ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ኖርዌይ ውስጥ ዘልቆ በተራራ ላይ ወደቀ። ከቅርቡ የመኖሪያ ስፍራ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቅ ስለነበር በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም፤ የጫነው ዕቃም በሄሊኮፕተር ተለቅሞ ተመልሷል። የኖርዌይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቅሬታውን የገለጸው በሮኬቱ መሳት ላይ ብቻ አልነበረም። እንዲህ ያለ ድርጊት ድንበር ተሻግሮ ሲደርስ ለሚመለከታቸው የኖርዌይ ባለሥልጣናት በትክክለኛው መሥመር ወዲያውኑ ሊነገር ይገባ እንደነበር አስታውቋል።