አንድ ብርጭቆ ወተትና የባዮሎጂ ሀሁ

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ባዮሎጂ ኢንዛይም፣ ጂን፣ ሚውቴሽን፣ ዝግመተ ለውጥ እያለ ይቀጥላል። ሐኪም ሊሆን ያሰበውም፣ ኢኮኖሚክስ እያጠና ኮርሱን ለማሟያ የሚወስደውም ቃላቱን ለየብቻ ይሸመድዳቸዋል። የሚያሳዝነው፣ አራቱም የአንድ ታሪክ ክፍሎች መሆናቸው ሳይገለጥለት የሚያልፈው ተማሪ ነው። ታሪኩ ያለው ወተት ውስጥ ነው።

የወተት ስኳር ላክቶስ ይባላል። ግሉኮስና ጋላክቶስ ከተባሉ ሁለት ስኳሮች የተጣመረ ስለሆነ እንዳለ ወደ ደም አይገባም። ጥምረቱን የሚፈታው ትንሹ አንጀት የሚያመርተው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ሕፃናት ሁሉ ማለት ይቻላል ይህ ኢንዛይም አላቸው። ጡት ከጣሉ በኋላ ግን በአብዛኞቹ ላይ ምርቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ላክቶስን በሚገባ አይፈጩም። ያልተፈጨው ስኳር ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ጋዝ ይፈጠራል፣ ውኃም ወደ አንጀት ይሳባል። ሆድ የሚነፋውና የሚጮኸው፣ ተቅማጥም የሚከተለው በዚህ ነው።

ይህን መለካት ይቻላል። ሳይበላ ያደረ ሰው 50 ግራም ላክቶስ በውኃ በጥብጦ ይጠጣል፤ ይህ አንድ ሊትር ገደማ ወተት ውስጥ ያለው መጠን ነው። ከዚያ በየጊዜው ጣቱ እየተወጋ የደሙ ስኳር ይታያል። ስኳሩ ከፍ ካለ ላክቴዙ እየሠራ ነው፤ እምብዛም ካልተነቃነቀ ላክቶሱ አልተፈጨም።

ታዲያ አንዳንዱ አዋቂ ለምን ወተት ይስማማዋል? እ.ኤ.አ. በ2002 የፊንላንድ ተመራማሪዎች መልሱን ያገኙት ከላክቴዝ ጂን ውጭ ነበር። ከጂኑ መነሻ 13,910 የዲኤንኤ ፊደላት ቀደም ብሎ፣ በጎረቤት ጂን ውስጥ፣ ሲ የነበረችው ፊደል በቲ ተተክታለች። ያ ሥፍራ እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ ጂኑን ይቆጣጠራል፤ ፊደሏ ስትለወጥ ላክቴዝ በአዋቂነትም መመረቱን ይቀጥላል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ተመራማሪዋ ሳራ ቲሽኮፍና ባልደረቦቿ በታንዛኒያ፣ በኬንያና በሱዳን ባደረጉት ጥናት፣ እዚያ ወተት የሚስማማቸው ሰዎች የያዙት በፊንላንዶቹ የተገኘውን ለውጥ እንዳልሆነ አሳዩ። የተለወጡት በዚያው አካባቢ ያሉ ሌሎች ፊደላት ነበሩ። ሚውቴሽን በአጋጣሚ ይመጣል፤ ከብት በሚረባበት አገር ግን ወተት መጠጣት የቻለ ሰው በድርቅና በረሃብ ጊዜ ምግብም ፈሳሽም ያገኛል፣ ለልጆቹም ያንኑ ጂን ያወርሳል። ተፈጥሯዊ ምርጫ የሚባለው ይኸው ነው። ይህ ምርጫ አርብቶ አደርነት በተስፋፋባቸው የተለያዩ የዓለም ክፍሎች ለየብቻው ተከስቷል።

ኢትዮጵያ በዚህ ጥናት ልዩ ቦታ አላት። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ምርምር እንዳሳየው፣ ወተት በሚስማማቸው ኢትዮጵያውያን ዘንድ አንድ ብቻ ሳይሆን በርካታ የፊደል ለውጦች ጎን ለጎን ይገኛሉ።

ለውጡን ያልወረሰም ቢሆን ከወተት ተዋጽኦ የግድ አይራቅም። ወተት ሲረጋ ባክቴሪያዎች የላክቶሱን ከፊል ወደ ላክቲክ አሲድ ስለሚለውጡት፣ ትኩስ ወተት የሚነፋው ብዙ ሰው እርጎ ይስማማዋል፤ ቅቤ ውስጥም የሚቀረው ላክቶስ እጅግ ጥቂት ነው። የወተት አለርጂ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሰውነት መከላከያ የወተትን ፕሮቲን ሲያጠቃ የሚመጣ ስለሆነ እርጎም አይብም ሊያስነሱት ይችላሉ።