ከቧንቧ ዕቃ የሚወለዱ ዓለማት፦ የካይሮ ገበያዎችና የሳይንስ ልብወለድ አልባሳት

በማዕከላዊ ካይሮ ከራምሲስ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው የፈጋላ ሰፈር በሁለት ነገሮች ይታወቃል፤ በጽሕፈት መሣሪያና በመጻሕፍት፣ እንዲሁም በመታጠቢያ ቤትና በቧንቧ ዕቃዎች። አላፊ አግዳሚው በሱቆቹ መስኮት የሚያየው የቧንቧ መክፈቻ፣ የቱቦ ማጠፊያና የጎማ ቀለበት ነው። የሳይንስ ልብወለድ ገጸ ባሕርያትን አልባሳት በእጁ የሚሠራ ወጣት ግን በዚያው መደርደሪያ ላይ የጠፈር ተጓዥ የአየር ቱቦ፣ የሮቦት ክርንና የብርሃን ሰይፍ እጀታ ይታየዋል።

ዓለም «ኮስፕሌይ» ብሎ የሚጠራው ይህ ጥበብ በግብፅ እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። «ኢጂኮን» የተሰኘው የሥዕላዊ ታሪኮችና የገጸ ባሕርያት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 በካይሮ ከተጀመረ ወዲህ ወጣቶች በገዛ እጃቸው የሠሩትን ለብሰው የሚታዩበት አደባባይ አግኝተዋል። የልማዱ ሥር ከዚህ እጅግ ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1939 በኒውዮርክ በተካሄደው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሳይንስ ልብወለድ ጉባኤ ላይ ፎረስት አከርማንና ሚርትል ዳግላስ «የመጪው ዘመን» ልብስ ለብሰው ቀርበው ነበር። ልብሶቹን የሰፋችው ዳግላስ ራሷ ነበረች። ስለዚህ ጥበቡ ገና ከጅምሩ የገዢ ሳይሆን የሠሪ ጥበብ ነው።

በካይሮ ሠሪ መሆንን ግድ የሚል ሌላም ምክንያት አለ። ግብፅ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2016 የገንዘቧን ምንዛሪ ለገበያ ስትለቅ ከ9 ፓውንድ በታች ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ እጥፍ ገደማ ደረሰ። እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 2024 ደግሞ ከ31 ወደ 50 ፓውንድ ግድም በአንድ ቀን ዘለለ። ብር እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ለገበያ ሲለቀቅ የተሰማውን ያየ አንባቢ የዚህን ትርጉም ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይሻም። ከውጭ ተገዝቶ የሚመጣ የራስ ቁር ወይም ጥሩር ለተማሪ ኪስ የማይቀመስ ሆነ። በእጅ ያለው አማራጭ ከቤት አጠገብ ያለው የህንፃ መሣሪያ ሱቅ ብቻ ነው።

ይህ አማራጭ ግን የድሃ ማካካሻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም፤ ታላላቆቹ የፊልም ባለሙያዎችም የሄዱበት መንገድ ነውና። «ስታር ዋርስ» እ.ኤ.አ. በ1976 በቱኒዚያ ምድር ቀረጻው ሲጀመር የበጀት ጥበት ነበረበት። የትዕይንት አስጌጡ ሮጀር ክርስቲያን የብርሃን ሰይፉን እጀታ ከባዶ አልቀረጸውም። ለንደን ውስጥ በአንድ የፎቶግራፍ ዕቃ መሸጫ ያገኘውን የአሮጌ ካሜራ መብራት እጀታ ወስዶ፣ መያዣው ላይ ጥቁር የፕላስቲክ ዘንጎች በማጣበቂያ ለጠፈበት። የአዛውንቱ የኦቢዋን ሰይፍ ደግሞ ከአውሮፕላን ሞተር ቁራጭ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ አካልና ከመታጠቢያ ቤት የቧንቧ መክፈቻ ተገጣጠመ። ክርስቲያን በዚያ ፊልም ከባልደረቦቹ ጋር የኦስካር ሽልማት ተቀብሏል።

በብሪታንያ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1963 ብቅ ያሉት «ዳሌክ» የተባሉ ፍጥረታት አንድ ክንዳቸው የተዘጋ የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ መክፈቻ የጎማ መምጠጫ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካው «ስታር ትሬክ» ተከታታይ ድራማ ላይ የሆነው ይበልጥ ያስተምራል። ለአንድ ትዕይንት ዘመናዊ ቅርፅ ያላቸው የጨው መነስነሻዎች ተገዙ። ቅርፃቸው እንግዳ ስለሆነ ተመልካች የጨው ዕቃ መሆናቸውን አይለይም ተብሎ ለትዕይንቱ ተራ መነስነሻ ተመረጠ፤ የተተዉት ደግሞ የመርከቧ ሐኪም የሕክምና መሣሪያ ሆነው ቀሩ። የጥበቡ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ዕቃው የቀድሞ ስሙን እስኪያጣ ድረስ መለወጥ፣ ቢቻል መገልበጥ ወይም ከማይመስለው ጋር ማጣመር ይገባል። ቧንቧ መሆኑ ከታወቀ ቧንቧ ሆኖ ይቀራል።

ካይሮ ለዚህ ሥራ የተመቸች ከተማ ናት፤ እያንዳንዱ ሙያ የራሱ ሰፈር አለውና። የቧንቧው ዕቃ በፈጋላ፣ ብረታ ብረቱና የእጅ መሣሪያው በሰብቲያ፣ የመኪና መለዋወጫው በተውፊቂያ፣ የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጩ በባብ አል-ሉቅ፣ ጨርቁና ልባሹ በዊካለት አል-በለህ ይገኛል። አሮጌ ዕቃ ፈላጊ ደግሞ የዓርብ ገበያን ያውቀዋል። ከአል-አዝሀር መስጊድ፣ ማለትም የሀገራችን ተማሪዎች በጀበርቲ ሪዋቅ ለዘመናት ካደሩበት ስፍራ፣ ጥቂት በእግር እንደሄዱ ደግሞ የነሃስና የመዳብ ቀጥቃጮች ጎዳና አን-ነሃሲን ይገኛል።

አሠራሩም እንደሚመስለው የተወሳሰበ አይደለም። ጥሩርና የራስ ቁር በብዛት የሚሠሩት ለልጆች መጫወቻ ክፍል ወለል ከሚነጠፈው፣ 10 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ካለው «ኢቪኤ» የተባለ ለስላሳ ንጣፍ ነው። በመጀመሪያ ንድፉ በወረቀት ይወጣና በአካል ላይ ይለካል፤ ከዚያም ንጣፉ በስለታም ካተር ይቆረጣል። ሁለት ቁራጮች ጥግ ሠርተው የሚገናኙበት ጠርዝ በ45 ዲግሪ ይከረከማል። ሙቅ አየር በሚተፋ መሣሪያ ሲሞቅ ንጣፉ ይለሰልሳል፤ በጉልበት ወይም በድስት ላይ ታጥፎ ሲቀዘቅዝ የተሰጠውን ቅርፅ ይይዛል። ሙቀቱ የላዩን ቀዳዳዎች ስለሚደፍንም ቀለም አይመጥም።

ማያያዣው ግብፆች «ኩላ»፣ እኛ «ማስቲሽ» የምንለው የጫማ ሰሪዎች ማጣበቂያ ነው። በሁለቱም ገጽ ላይ ይቀባል፤ ደረቅ እስኪል ጥቂት ከተጠበቀ በኋላ አንዴ ከተገናኘ መመለሻ የለውም። በላዩ በውኃ የቀጠነ ነጭ የእንጨት ኮላ በስሱ ይደጋገማል፤ ከዚያ ጥቁር ቀለም፣ በመጨረሻም በደረቅ ብሩሽ ጠርዝ ጠርዙን ብርማ ቀለም። ሮንዴላው፣ ዳዶውና የጎማው ቀለበት የሚለጠፉት ከቀለሙ በፊት ነው፤ ያኔ ሁሉም አንድ አካል ይመስላሉ። የሚያበራ ዓይን ለሚፈልግ 9 ቮልት ባትሪ፣ አንድ ቀይ «ኤልኢዲ» መብራትና 470 ኦም ሬዚስተር ይበቃሉ፤ በመብራቱ ውስጥ የሚያልፈው 15 ሚሊአምፒር ገደማ ነው። ሬዚስተሩ ከተዘነጋ መብራቱ ወዲያው ይቃጠላል።

ይሁንና ሁለት አደጋዎችን መዘንጋት አይገባም። የመጀመሪያው ትንፋሽን ይመለከታል። ማስቲሽ ብዙ ጊዜ እንደ ቶሉይን ያሉ፣ ራስ የሚያዞሩና ነርቭን የሚጎዱ ተን ፈሳሾችን ይይዛል። የፒቪሲ ቧንቧ 80 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ለስልሶ ይታጠፋል፤ እሳት ነክቶት ከከሰለ ግን ሳንባን የሚያቃጥል የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ይለቃል። በካይሮ ጠባብ አፓርታማዎች መስኮት ዘግቶ መሥራት ራስንም፣ በአጠገብ ያሉ ሕፃናትንም መጉዳት ነው። ጣሪያ ላይ ወይም በረንዳ ላይ፣ በኬሚካል ተን መከላከያ ጭምብል መሥራት ይበጃል፤ የጨርቅ ጭምብል ተንን አያግድም።

ሁለተኛው አደጋ ጎዳና ላይ ይጠብቃል። መሣሪያ የሚመስል ነገር ይዞ በሜትሮ ፍተሻ ማለፍ ቀልድ አይደለም። እውነተኛ የማይመስል ደማቅ ቀለም መቀባት፣ ተፈታቶ በቦርሳ የሚገባ አድርጎ መሥራትና ስብሰባው ቦታ ከደረሱ በኋላ መገጣጠም አስተዋይነት ነው። ይህ በተለይ በሰው አገር በመኖሪያ ፈቃድ ለሚኖር ተማሪና ሠራተኛ ይጠነክራል፤ በጨዋታ የተጀመረ ነገር በፖሊስ ጣቢያ እንዲጠናቀቅ የሚሻ የለም።

ምናባዊውን ዓለም በእጅ መሥራት ለግብፅ አዲስ አይደለም። እስማዒል ያሲን የተወነበት «ጉዞ ወደ ጨረቃ» የተሰኘው የግብፅ አስቂኝ ፊልም ለዕይታ የበቃው እ.ኤ.አ. በ1959፣ ዩሪ ጋጋሪን ወደ ጠፈር ከመውጣቱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው። ከዚያም የቀደመ ሥር አለ። በባብ ዙወይላ አቅራቢያ በታህት አር-ረብዕ ጎዳና የሚሠሩት የረመዳን ፋኖሶች ከቆርቆሮና ከባለቀለም ብርጭቆ የሚወለዱ ናቸው። እጀ ብልሁ ቆርቆሮ ቆራጭ በየዓመቱ ተራውን ነገር የብርሃን ቤት ያደርገዋል። «ፋኖስ» የሚለው ቃል በእኛም በእነርሱም ቋንቋ አንድ መሆኑ ዝምድናውን ያጠብቀዋል።

በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰውም ይህን ጥበብ ያውቀዋል። በዚያ የተጣለ በርሜል ምድጃ፣ ያረጀ ብረት አዲስ መገልገያ ሆኖ ይወጣል። በኢትዮጵያ የተቀረጸውና እ.ኤ.አ. በ2015 ለዕይታ የበቃው፣ ዳንኤል ታደሰ የተወነበት «ክራምብስ» የተሰኘ የሳይንስ ልብወለድ ፊልም፣ የዘመናችን ርካሽ መጫወቻዎች በመጪው ዘመን እንደ ውድ ቅርስ ሲቆጠሩ ያሳያል። ሐሳቡ ከምናለሽ ተራ ብዙም የራቀ አይደለም።

አንዳንድ ወላጆች ሥራውን ብክነት ሲሉ ይነቅፉታል። ብክነት በእርግጥ ነቀፌታ ይገባዋል፤ ከውጭ ተገዝቶ አንድ ቀን ተለብሶ የሚጣል ልብስም ከዚሁ ይቆጠራል። ከቁርጥራጭና ከተጣለ ዕቃ የሚሠራ ግን የዚያ ተቃራኒ ነው። መለካትን፣ መቁረጥን፣ ሽቦ ማገናኘትንና ቀለም መቀባትን ያስተምራል፤ እነዚህም ነገ በትያትር መድረክ፣ በፊልም ማዘጋጃ ወይም በማስታወቂያ ሥራ እንጀራ ሊሆኑ ይችላሉ። ሒጃቧን የምትለብስ ልጃገረድም ብትሆን መሸፈኛዋን የራስ ቁሩ አካል አድርጋ ንድፉን በራሷ ልክ ታወጣለች፤ ገዝቶ ከመልበስ ይልቅ መሥራት ይህንን ነፃነት ይሰጣል።

መጀመር ለሚሻ ወጣት የሚበጀው በትንሽ ነገር መጀመር ነው፤ አንድ የቧንቧ ቁራጭ፣ ሁለት የጎማ ቀለበት፣ አንድ የብርጭቆ ወረቀትና ጥቂት ቀለም። ባለሱቁ ቧንቧው የት እንደሚገጠም መጠየቁ አይቀርም። ለጠፈር መርከብ እንደሆነ በግልጽ ቢነገረው፣ የካይሮ ነጋዴ ቀልድ ወዳድ ነውና፣ የተሻለውን ቁራጭ ራሱ መርጦ ማቅረቡ አያጠራጥርም።