የማይዳሰስ ዕቃና የሚመለስ ዋጋ

ሻጭ በሸጠው ዕቃ ላይ ነውር የተገኘ እንደ ሆነ ኃላፊነቱ ከትከሻው እንዳይወርድ የሚያዘው ሕግ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የእኛው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጩ፣ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የተስማማና ከጉድለት የነጻ ለመሆኑ ለገዢው ዋስ እንዲሆን ደንግጓል። ይሁን እንጂ የቪዲዮ ጌም በካርቶን ታሽጎ በሱቅ መደርደሪያ ላይ መቀመጡ እየቀረ በኢንተርኔት እየወረደ መሸጥ በጀመረ ጊዜ፣ የዚህ ንግድ ባለቤቶች የማይዳሰስ ነገር አይመለስም በሚል ሰበብ በሩን ለብዙ ዓመታት በገዢው ላይ ዘግተውበት ኖረዋል። ሰበቡ ከመጀመሪያውም የጸና አልነበረም፤ ከሱቅ የተገዛ ሲዲ ተገልብጦ ሊቀር ይችላል፣ በገዢው አካውንት የተመዘገበውን ጌም ግን ሻጩ ባሻው ጊዜ ሊያነሣው ይችላልና።

በዚህ ነገር ላይ ፍርድ የተሰጠው በአውስትራሊያ ነው። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 የከፈተው ስቲም የሚባለው መደብር፣ ከገዢው ጋር በሚገባው ውል ላይ ገንዘብ እንደማይመልስ አስፍሮ ሲነግድ ሳለ፣ የአገሪቱ የውድድርና የሸማቾች ኮሚሽን በነሐሴ 2014 ከሰሰው። ኩባንያው በአውስትራሊያ አልነግድም፣ ውሌም የሚገዛው በዋሽንግተን ግዛት ሕግ ነው፣ ሶፍትዌርም ዕቃ አይባልም እያለ በሦስት ምሽግ ተከላከለ፤ ነገር ግን በዚያች አገር 2.2 ሚሊዮን ያህል አካውንቶች እንዳሉት፣ ሰርቨሮቹንም በዚያው እንዳቆመ በችሎት ስለ ተገለጠ፣ የአገሩም ሕግ ሶፍትዌርን በግልጽ ከዕቃ ስለሚቈጥረው፣ ዳኛው ኤደልማን በመጋቢት 2016 ፈረዱበት፤ በታኅሣሥም 3 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር መቀጫ ጣሉበት። ይግባኙም አልረዳውም፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2018 መዝገቡን ዘጋው።

ክርክሩ ገና በችሎት ሳለ፣ በሰኔ 2015 መጀመሪያ፣ ስቲም በዓለም ሁሉ ላሉ ደንበኞቹ ዛሬ የሚሠራበትን ሥርዓት አወጣ፤ ይኸውም ጌሙን በገዛ በዐሥራ አራት ቀን ውስጥ የጠየቀና ከሁለት ሰዓት በታች የተጫወተ ሰው ምክንያቱ ምንም ቢሆን ገንዘቡ ይመለስለታል። ይህ በአጋጣሚ የተገናኘ ነው የሚለኝ ቢኖር አልሟገተውም፤ እኔ ግን የነጋዴ ቸርነት ክስ ሲቀርብ የሚነቃበትን ጊዜ ብዙ ጊዜ ስላየሁ፣ ምስጋናውን ለኮሚሽኑ ብሰጥ እመርጣለሁ። ሁለት ሰዓትም ፍጹም መስፈርያ አይደለም፤ ለረጅሙ ጌም ከመቅድሙ አያሳልፍም፣ አጭሩን ጌም ለሠራ ድኃ ባለሙያ ደግሞ ገዢው እስከ ፍጻሜው ተጫውቶ ገንዘቡን እንዲወስድበት በር ይከፍታል።

ከዚህ ሥርዓት ውጭ የቀረው አክቲቬሽን ኪ የሚባለውን ማስከፈቻ ኮድ ከሌላ ቦታ የገዛ ሰው ነው። ኮዱ ሲታይ ኢምንት ነው፤ የስቲም ኮድ አብዛኛውን ጊዜ አምስት አምስት እየሆኑ በሰረዝ የተለያዩ ዐሥራ አምስት ፊደላትና አኃዞች ናቸው፤ ገዢው አካውንቱ ውስጥ ባስገባቸው ቅጽበት ጌሙ ይከፈትለታል፣ ኮዱም ከዚያ በኋላ ለማንም አይረባም። ስለዚህ ሻጩ ያልተሠራበት ለመሆኑ ማረጋገጫ የለኝም ብሎ ይሸሻል፤ ስቲምም ገንዘቡን እኔ አልተቀበልሁም ይላል፣ በዚህስ እውነት አለው። የአውሮፓ ኅብረት የ2011 መመሪያ ለገዢው የዐሥራ አራት ቀን የመሰረዝ መብት ሰጥቶ ሳለ፣ ዲጂታል ይዘቱ ወዲያው እንዲቀርብለት የፈቀደና መብቱ እንደሚቀርበት ያመነ ሰው መብቱን እንደሚያጣ ስለሚናገር፣ በክፍያ ጊዜ ሳይነበብ ምልክት የሚደረግባት ትንሽ ሣጥን ነገሩን ትጨርሰዋለች።

የከፋው ደግሞ የኮዱ ምንጭ ነው። ሌባ በተሰረቀ የባንክ ካርድ ከአምራቹ ብዙ ኮድ ይገዛና ጂቱኤን በመሰሉ፣ ማንም ሰው በሚሸጥባቸው ገበያዎች ላይ አርክሶ ይቸበችበዋል፤ የካርዱ ባለቤት በባንኩ በኩል ገንዘቡን ሲያስመልስ አምራቹ ዋጋውን ከማጣቱም በላይ የባንኩን ቅጣት ይከፍላል፤ ኮዱን የሰረዘው እንደ ሆነ ደግሞ ምንም ያላወቀው ገዢ ጌሙን ያጣል። ፋክቶሪዮ የተባለውን ጌም የሠራው የፕራጉ ኩባንያ ዉቤ ይህን አቤቱታ ባሰማ ጊዜ፣ ጂቱኤ ነገሩን መርምሮ 198 ኮዶች የተሰረቁ ሆነው በገበያው እንደ ተሸጡ በ2020 አመነ፤ 39,600 ዶላርም ከፈለ።

እንግዲህ ራሱ የሚጫወትም ሆነ በውጭ አገር ለልጁ በካርዱ የሚከፍል አንባቢ፣ ዋጋው መርከሱን ከማየቱ በፊት ሻጩ አምራቹ፣ በአምራቹ የተፈቀደለት መደብር ወይስ ስሙ የማይታወቅ ግለሰብ መሆኑን ይመልከት፤ ስለ ግዢው ጥርጣሬ ካለው ኮዱን ወደ አካውንቱ አያስገባ፤ ደረሰኙንም ይያዝ። ከስቲም ከራሱ የገዛ ግን ጥያቄውን አስቀድሞ ለመደብሩ ያቅርብ፤ መደብሩን ሳይጠይቅ በባንክ በኩል ገንዘቡን ያስመለሰ ሰው አካውንቱ ሊታገድበት ይችላል።