በሥጋ ውስጥ የሚያበሩ ደቃቅ ቅንጣቶች

በጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ አብርታችሁ መስታወቱን በጣቶቻችሁ ብትሸፍኑት ጣቶቻችሁ ደማቅ ቀይ ሆነው ይታዩአችኋል። ባትሪው የሚሰጠው ብርሃን ነጭ ነው፤ ነጭ ብርሃን ደግሞ ከሐምራዊ እስከ ቀይ ያሉት ቀለማት ድምር መሆኑን ተምራችኋል። ታዲያ ሰማያዊውና አረንጓዴው ወዴት ሄዱ? በደማችሁ ውስጥ የሚገኘው ሄሞግሎቢን ውጦ አስቀርቷቸዋል። ሥጋን አልፎ ለመውጣት የቻለው በአብዛኛው ቀዩ ነው። ከቀዩ ቀጥሎ የሚገኘውና የሰው ዓይን የማያየው ብርሃን ደግሞ ከቀዩም ይበልጥ ጠልቆ ይሄዳል። ይህ ብርሃን ቅርብ ታሕተ ቀይ ይባላል፤ «ታሕተ» በግእዝ «በታች» ማለት ነው።

የብርሃን የሞገድ ርዝመት የሚለካው በናኖሜትር ነው። አንድ ሚሊሜትር ለአንድ ሚሊዮን እኩል ቢከፈል አንዱ ክፋይ አንድ ናኖሜትር ይሆናል። ዓይናችን የሚያየው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ያለውን ነው። ከ650 እስከ 950 ናኖሜትር ባለው ክልል ግን ደምም ሆነ ውኃ ብርሃኑን አጥብቀው ስለማይውጡት ሊቃውንት ይህን ክልል የሥጋ መስኮት ይሉታል።

እንግዲህ አንድ ሐኪም ከቆዳ ሥር የተሸሸገ የካንሰር እብጠት ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ማወቅ ፈለገ እንበል። አብዝቶ ቢቆርጥ ጤነኛውን አካል ይጎዳል፤ አሳንሶ ቢቆርጥ በሽታው ሊመለስ ይችላል። ከሚታሰቡት መፍትሔዎች አንዱ፣ የታመመውን ሥፍራ ለይቶ የሚይዝና የሚያበራ ነገር ወደ ሰውነት አስገብቶ ሥፍራውን ማመልከት ነው። ለዚህ ዓይነት ምርምር በብዛት ሲያገለግሉ የቆዩት ማቅለሚያዎች ሁለት ጉድለት አለባቸው። አንደኛው፣ ብርሃን ሲበዛባቸው እየደበዘዙ መጥፋታቸው ነው። ሁለተኛው ይብሳል። ማቅለሚያውን ለማብራት ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ብርሃን ሲፈነጠቅበት ሥጋው ራሱ በመጠኑ ያበራል። በዚህ ጊዜ የተፈለገውን ምልክት ከዙሪያው መለየት ኮከብን በቀትር እንደ መፈለግ ይሆናል።

ለሁለቱም ጉድለቶች መላ የተገኘው ብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገሮች ከሚባሉት ዘንድ ነው። እነዚህ በቁጥር 17 ናቸው። ስማቸው ግን ያሳስታል፤ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ሴሪየም በምድር ቅርፊት ውስጥ የመዳብን ያህል ይገኛል። ችግሩ ተደባልቀው መገኘታቸውና በጠባይ እጅግ በመመሳሰላቸው ለመለየት ማዳገታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1787 ካርል አክሰል አሬኒየስ የተባለ የስዊድን የጦር መኮንን በስቶክሆልም አቅራቢያ፣ ኢተርቢ በምትባል መንደር አንድ ከባድ ጥቁር ድንጋይ አገኘ። በ1794 ዮሃን ጋዶሊን ድንጋዩን መርምሮ እስከዚያ ያልታወቀ ነገር እንዳለበት አስታወቀ። በዚያች መንደር ስም የተሰየሙት ንጥረ ነገሮች አራት ናቸው፤ ኢትሪየም፣ ቴርቢየም፣ ኤርቢየምና ኢተርቢየም። ብዙ ታላላቅ ከተሞች ግን አንድ እንኳ አልደረሳቸውም!

ብርሃንን ውጠው መልሰው የሚያበሩ ነገሮች እንደ ደንቡ የሚሰጡት ብርሃን ከወሰዱት ያነሰ ኃይል ያለው ነው። ይህን ጆርጅ ስቶክስ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1852 ገልጾታል። በ1966 ግን ፍራንሷ ኦዜል የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ኢተርቢየምና ኤርቢየም በአንድነት ሲገኙ ነገሩ ሊገለበጥ እንደሚችል አሳየ፤ በዚያው ዓመት በሶቭየት ኅብረትም ኦቭስያንኪንና ፌኦፊሎቭ ከዚሁ ግኝት ደረሱ። የማይታየው ታሕተ ቀይ ብርሃን ገብቶ የሚታይ አረንጓዴ ብርሃን ይወጣል።

ይህ እንዴት ይሆናል? ዕቁብን አስቡ። እያንዳንዱ ዕቁብተኛ ጥቂት ያዋጣል፤ ባለ ዕጣው ግን የተዋጣውን በአንድ ጊዜ ይወስዳል። ከሶዲየም፣ ከኢትሪየምና ከፍሎሪን በተሠራ ክሪስታል ውስጥ ከየ100ው የኢትሪየም ሥፍራ 20 ያህሉን ኢተርቢየም፣ 2 ያህሉን ኤርቢየም እንዲይዝ ይደረጋል። ኢተርቢየሞቹ 980 ናኖሜትር የሆነውን ብርሃን ይውጡና ያገኙትን ኃይል አንዱ ከሌላው ቀጥሎ ለጎረቤታቸው ለኤርቢየም ያስረክባሉ። ኤርቢየም የሁለቱን ድርሻ ደምሮ 540 ናኖሜትር ገደማ የሆነ አንድ አረንጓዴ ብርሃን ያወጣል። የአረንጓዴው ኃይል የታሕተ ቀዩ 1.8 እጥፍ ስለሆነ የሁለት መዋጮ ይበቃዋል፤ የኃይል ሕግም አልፈረሰም። ነገር ግን ኤርቢየም ሁለተኛው መዋጮ እስኪደርስ የመጀመሪያውን ሳያባክን መጠበቅ አለበት። የተራ ማቅለሚያ ትዕግሥት በቢሊዮንኛ ሰኮንድ የሚቆጠር ነው። በብርቅዬዎቹ ዘንድ ግን ኃይሉን የሚይዙት ኤሌክትሮኖች ከውጭ ባሉት ሌሎች ኤሌክትሮኖች ስለተከለሉ፣ እስከ ሺሕኛ ሰኮንድ ድረስ ሊያቆዩት ይችላሉ።

ይህ ክሪስታል 30 ናኖሜትር ወደሚያህሉ ቅንጣቶች ተደርጎ ሊሠራ ይችላል፤ ሁለት ሺሕ ያህሉ ቢደረደሩ የአንድ ጸጉር ውፍረት ይሆናሉ። ቅንጣቶቹ እንደ ማቅለሚያዎቹ አይደበዝዙም። ሥጋም ታሕተ ቀይ ብርሃንን ወደሚታይ ብርሃን ስለማይለውጥ ዙሪያው ጨለማ እንደሆነ ይቀራል፤ ቅንጣቶቹም በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንዳለ የጠመኔ ነጥብ ጎልተው ይታያሉ። በኤርቢየም ፈንታ ቱሊየም ሲገባ ደግሞ የሚወጣው ብርሃን 800 ናኖሜትር ገደማ ይሆናል። ይህም በሥጋ መስኮት ክልል ውስጥ ስለሆነ ከአረንጓዴው ይልቅ ከጥልቅ ሥፍራ ለመውጣት ይችላል፤ በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው ብልሃት ይህ ነው።

እንከኑ ግን ብዙ ነው። 980 ናኖሜትር የሆነውን ብርሃን ውኃ ስለሚውጠው ሥጋው ሊሞቅ ይችላል። ስለዚህ ኒዮዲሚየም ተጨምሮ ውኃ እምብዛም የማይነካው የ808 ናኖሜትር ብርሃን ወደ ሥራ ገባ። ከዚህም ሌላ ቅንጣቶቹ ባነሱ ቁጥር ኃይላቸው በገጻቸው በኩል ስለሚባክን ከገባው ብርሃን ተመልሶ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ይህን ለመቀነስ ቅንጣቱን በሌላ የክሪስታል ቅርፊት መሸፈን የተለመደ ሆኗል።

ከሁሉ የከበደው ግን ቅንጣቶቹ በደም ውስጥ ከገቡ በኋላ ያለው ጉዞአቸው ነው። አብዛኞቹ በጉበትና በጣፊያ ውስጥ ተይዘው ለረጅም ጊዜ ይቆያሉ። በዚህ ምክንያት ምርምሩ እስካሁን በአብዛኛው የሚካሄደው በተነጠሉ ሕዋሳትና በአይጦች ላይ ሲሆን፣ ሐኪሙ በቀዶ ጥገና ጠረጴዛ ላይ ለተኛው ሕመምተኛ ገና አልተፈቀደለትም።