ራስን የማድነቅ ባሕርይና በመሥሪያ ቤት የሚደርስ በደል

የበታቹን ዘወትር የሚያዋርድ አለቃ በልቡ ራሱን የሚንቅ ሰው ነው የሚለው አስተያየት በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ነው። እኛ ግን ይህ አሳብ መመርመር አለበት እንላለን።

ቡሽማንና ባውማይስተር የተባሉ የአሜሪካ የሥነ ልቡና ሊቃውንት በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፥ ተማሪዎች ድርሰት እንዲጽፉ አደረጉ፤ ድርሰቱም ለአንዳንዱ ተመሰገነ፥ ለአንዳንዱ ክፉኛ ተነቀፈ። ከዚያም በውድድር ጊዜ ተጋጣሚያቸውን በብርቱ ጩኸት የመቅጣት ሥልጣን ተሰጣቸው። ከሁሉ ይልቅ የጨከኑት ራሳቸውን ዝቅ አድርገው የሚገምቱት አልነበሩም፤ ራሳቸውን እጅግ የሚያደንቁና የተነቀፉት ናቸው። ጭካኔያቸውም የወረደው በነቃፊው ላይ እንጂ ባልነቀፋቸው ሦስተኛ ሰው ላይ አይደለም።

የሙከራ ክፍል መሥሪያ ቤት አለመሆኑ ግልጽ ነው። ቢሆንም የአለቃውን ስሕተት በስብሰባ ላይ ያረመ ጸሐፊ፥ ወይም ከአለቃው ይልቅ የተመሰገነ የሒሳብ ሠራተኛ፥ ከሰነፉ ባልደረባው አስቀድሞ ለምን እንደሚጠቃ ይህ ውጤት በመጠኑ ያስረዳናል።

ታዲያ የአንድ ቀን ቁጣ በደል አይባልም። በስዊድን አገር ጉዳዩን ያጠናው ሐይንስ ላይማን፥ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ለስድስት ወር የሚደጋገመውን ነው የቈጠረው። ላይማን ምክንያቱን ከሰው ጠባይ ይልቅ በሥራው አደረጃጀትና በአመራሩ ጉድለት ይፈልጋል። ለእኛ ሁለቱ አሳቦች የሚጋጩ አይደሉም፤ ጠባይ ቁጣውን ቢያስነሣም፥ አቤቱታ ተቀባዩ ያው አለቃ በሆነበት ቤት ግን ስድስት ወር የሚያቈየው አደረጃጀቱ ነው። ስዊድንም በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ፥ እንዲህ ያለውን በደል አስቀድሞ የመከላከሉን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥላለች።