የስምጥ ሸለቆ ውኃና ፍሎራይድ

የከርሰ ምድር ውኃ ብክለት ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው የፋብሪካ ፍሳሽ ቢሆንም፣ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ውኃውን ለጤና አስጊ የሚያደርገው በአመዛኙ አለቱ ራሱ ነው። ፍሎራይድ የተባለው ንጥረ ነገር ከእሳተ ገሞራ አለቶች እየሟሟ ወደ ውኃው ይገባል፤ ካልሲየም በበቂ መጠን ቢኖር ኖሮ ከፍሎራይዱ ጋር ተዋህዶ ባዘቀጠው ነበር፤ ይሁን እንጂ ካልሲየሙ አነስተኛ በመሆኑ በብዙ ጉድጓዶች የፍሎራይዱ መጠን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊግራም በሊትር ወሰን በእጅጉ ያልፋል። እንዲህ ያለው ውኃ በልጅነት ሲጠጣ ጥርስን ያበልዛል፣ ለረጅም ዓመታት ሲጠጣ ደግሞ መገጣጠሚያን ያደርቃል፤ ጉዳቱ የማይመለስ መሆኑም እጅግ ያሳዝናል። ውኃ አዘሉን አለት ማጽዳት ስለማይቻል የሚጣራው ከጉድጓድ የወጣው ውኃ ነው፤ ናልጎንዳ በተሰኘው የህንድ ዘዴ አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ ተጨምሮ ፍሎራይዱ ከዝቃጩ ጋር ይወርዳል፣ በሌላው ዘዴ ደግሞ ውኃው በከሰለ የከብት አጥንት ውስጥ ያልፋል፤ አጥንቱ ፍሎራይድ መያዝ ሲያቅተው ግን በጊዜው መለወጥ አለበት።